ከበባ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስጫወተው ለኖርኩት የጥንት ነገሥታት የጦርነት ጌም አዲስ ማስፋፊያ፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ ወጣለት። ደስ ብሎኝ ላወርደው ስል ማስፋፊያው ኮምፒውተሬን ትቶ እኔው ላይ ተጫነ። "እባክዎ እስኪጫን አይነቃነቁ" አለኝ አንድ ድምፅ። ግንባሬ ላይ የመጫኛው አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታወቀኛል። ያሳክካል። እንዳይበላሽ ብዬ ግን አላከክኩትም።

መስመሩ ሲሞላ አንድ አምባ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። አምባውን አወቅሁት፤ በድሮው ጌም ንጉሡ እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ነገር ሁሉ ተገልብጧል። ፈረሶቹ ባላባቶቹ ትከሻ ላይ ተፈናጠው "ቀጥ በል!" ይላሉ። ግንቡ ለጥበቃ ወጥቶ ሲንጎራደድ፣ ወታደሮቹ በእሱ ቦታ ተደርድረው ኖራ ይቀባሉ። የገበሬዎች ደጅ ላይ ነገሥታት ዘውዳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ስንዴ ለመለመን ተሰልፈዋል።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አልኩት የመጨረሻውን ንጉሥ።

"ዝም በል፤ ተራዬን እንዳታስወስደኝ" አለኝ።

የአምባው ገዢ እትዬ አስካለ ናት። በድሮው ጌም ስንዴ የምታጭድልኝ ሴትዮ ነበረች። ማጭዷን አሁንም አልጣለችም። በእጀታው ትከሻዬን ነካ ስታደርገኝ ሳላስበው ቀጥ ብዬ "ታዘዝኩ!" አልኩ።

"አንተ በማውስ ስትነካን እኛም እንደዚሁ ነበር የምንለው" አለች። "ደስ ይላል?"

"ኧረ አይልም።"

ደግማ ነካችኝ። "ታዘዝኩ!"

"በል በሩ ላይ ቁም። ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል።"

"የምን ሽማግሌ?"

"ከበባ ሊጠይቁን ነዋ! በአዲሱ ማስፋፊያ ሽማግሌ ሳይልክ ማንም ማንንም አይከብም። የባለጌ ዘመን አለፈ።"

ነገሩ ልጅ ለጋብቻ እንደ መጠየቅ መሆኑን አስረዳችኝ። ሽማግሌዎቹ እሺታ ሳያገኙ አይቀመጡም። ቁጭ ካሉ ተፈቀደ ማለት ነው፤ አምባው ከነነዋሪው ጎጆ ተጠቅልሎ ይወሰዳል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመው ከዋሉ ግን አፍረው ይመለሳሉ።

"እኔ ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም" አለች። "ስለዚህ ያቺ ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።"

"የትኛዋ?"

"ተቀ…" አለችና አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በብረት ጥሩራቸው ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። የሚመሯቸው ባሻ ወንድይራድ የሚባሉ ረጅም ሰውዬ ናቸው። ሊከብ የፈለገው ልጅ ራሱ ኮረብታ ጀርባ ተደብቆ፣ አዲስ የብረት ልብሱን ለብሶ፣ አንገቱን ብቅ እያደረገ ያያል። ላብ በላብ ሆኗል። ጦሩ ከኋላው እንደ ሚዜ ተደርድሮ "አይዞህ" ይለዋል።

"ልጃችን አምባችሁን አይቶ ወደደው" አሉ ባሻ። "በወግ በማዕረግ ይክበበው ብለን መጣን።"

"ሥራው ምንድን ነው?" አለች እትዬ አስካለ።

"ያቃጥላል። ግን ቀስ ብሎ ነው። መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ድንጋይ መወርወሪያውም የራሱ ነው።"

"ከዚህ በፊት ከቦ ያውቃል?"

ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንዲት ከተማ ነበረች። በስምምነት ተለያዩ።"

"አሁን እንዴት ናት?" አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

"ሜዳ ናት። ግን ደህና ናት።"

እትዬ አስካለ "እስቲ ከዘመድ ልማከር" ብላ፣ እኔን በዓይኗ አስጠንቅቃ ማማው ላይ ወጣች። ሽማግሌዎቹን ከእነ ጋቢያቸው እኔ ላይ ጥላቸው ሄደች።

ሽማግሌዎቹስ አልከፉም። ያስቸገሩኝ ወንበሮቹ ናቸው። የአምባው ወንበር ሁሉ ጨዋ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይችልም። በእግራቸው ጫፍ እየተራመዱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሊጠጉ ሲሉ በእግሬ አባርራለሁ። አንዲት በርጩማ ዞር ብላ "ያባት ያባትህ እኩዮች ቆመው እያየህ? ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገህ?" አለችኝ። አፈርኩ። ማባረሬን ግን አልተውኩም።

አንድ አግዳሚ ሳሳድድ ሳላውቀው የሆነ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ፍላጻዎች ተደርድረው ተቀምጠው ይማራሉ። መምህሩ ደረቱ የተበሳሳ ዒላማ ነው።

"ጥያቄ ያለው?" አለ ዒላማው።

እጄን አወጣሁ። "ለምንድን ነው ሁሉ ነገር የተገለበጠው?"

"አልተገለበጠም፤ ተሻሻለ" አለኝ። ፍላጻዎቹ ይህንን ጻፉት።

ስወጣ ተመልሼ በሩ ላይ ነኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትልና ሐሳቧን ትለውጣለች። ዝናብ ከመሬት ወደ ላይ መዝነብ ጀምሮ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ከሥር አርሶታል። የባሻ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል።

"ደከመዎት?" አልኩ። ከዚያ በላይ እንዳልል ምላሴን ነከስኩ።

"ለምደነዋል ልጄ። አምና አንድ ግንብ ደጅ ላይ ክረምቱን ሙሉ ቆምን። አራተኛው ሽማግሌያችን እዚያው ዛፍ ሆነው ቀሩ።"

"ምን ዛፍ?"

"ዋርካ መሰለኝ። ጥላቸው ጥሩ ነው።"

ይህን ብለው እጃቸውን ሰደዱና ግንቡን ሊደገፉ ዘመም አሉ። ግንቡ ግን ለጥበቃ እንደሄደ አልተመለሰም። ባሻ ባዶ አየር ተደግፈው በቁማቸው ሲገነደሱ፣ ከኋላ ደርሼ በሁለት እጄ ያዝኳቸው፤ አፌ ግን ከእጄ ቀድሟል።

"ኧረ በማርያም! ተቀመጡ!"

በርጩማዎቹ እልል አሉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጭ አሉ። ከኮረብታው ጀርባ ጭብጨባ ተሰማ።

"ምን አልክ አንተ?!" አለች እትዬ አስካለ ከማማው።

"ሊወድቁ ሲሉ እኮ ነው…"

"ይውደቁ! ቤቴ ነው እኮ!"

አምባው ከምሥራቁ ጥግ ጀምሮ እንደ ሰሌን መጠቅለል ጀመረ። ማሳው ገባ፣ ጎተራው ገባ፣ ስንዴ ለማኞቹ ነገሥታት ከነሰልፋቸው ገቡ። እትዬ አስካለ ከማማው ዘላ ወርዳ አንዱን ጫፍ በጥርሷም በእጇም ያዘችው። "ሳበው!" አለችኝ። ሌላውን ጫፍ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት።

"ኧረ ቀስ ልጄ፣ ጋቢዬን!" አለኝ አንድ ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ነግቷል። ገርጂ፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ ነኝ። ጋቢያቸውን የምጎትታቸው የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው። ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ጋር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አከራዬ ወይዘሮ ብርነሽ ትርፍ ቁልፋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ብናንኳኳ አልሰማህም" አሉ ጋሽ ኃይለልዑል። "ብርነሽ ክፍሉን ለልጇ ፈልጋው ነው። ልጁ ትዳር ሊይዝ ነው። ዝም ብዬ ልቀቅ ከምለው በሽማግሌ ይሁን ብላ ላከችን።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ…"

"እንቢ ቢለንስ ብለን ቆመን ስንጨነቅ፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት አንተው በማርያም ለምነህ አስቀመጥከን።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ በዚህ ዘመን የት ይገኛል!"

"ተኝቼ ነው እኮ የተናገርኩት!"

"በተኛበትም ጨዋ ነው" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ለሦስተኛው።

ይህን ጊዜ የወይዘሮ ብርነሽ ልጅ አዲስ የሁለት ሰው ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ በእናቱ አጠገብ ሾልኮ ገባ።

"ወንድሜ፣ አትቸኩል፣ ተረጋግተህ ልበስ" አለኝ። "ብቻ ይቺን የት ላሳርፋት?"