መኪናቸው ካለች እሳቸው አሉ

ሮቤ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በረቂቅ ሳይንስ ላይ የተቀዳጀውን ድል ለመጪው ትውልድ መመዝገብ የዜግነት ግዴታ ነው። ድሉን የመሩት ዋና ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኃይለልዑል ናቸው። ስለዚህ ከእሳቸው፣ በትክክል ለመናገር ከመኪናቸው፣ እጀምራለሁ።

ነጯ ላንድክሩዘር በየማለዳው በቢሮው መስኮት ሥር ትቆማለች። ባለጉዳይ ከአጥር ውጭ ሆኖ ያያትና «አለቃው አሉ» ብሎ ወረፋ ይይዛል። አቶ ኃይለልዑል በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አጋርፋ፣ ስንዴ ማሳቸው ላይ ናቸው፤ የሚሄዱት በወዳጃቸው መኪና ነው። ሾፌራቸው ወዚር ሞተሩን ቶሎ ቶሎ እንዲያስነሳ ታዟል፤ ቀዝቅዛ የቆመች መኪና ባለቤቷ የራቀ ታስመስላለችና። በዚህ አሠራር አለቃችን ከሥራ ገበታቸው ቀርተው አያውቁም። አምና የሥራ ሰዓት በማክበር ተሸልመዋል።

ከመስኮቱ ጀርባ ባለው ክፍል የሀዋኒ መሣሪያ ተተከለ። ሀዋኒ የሮቤ ልጅ፣ የፊዚክስ ተመራማሪ ናት። መሣሪያው ከኳንተም ኮምፒውተር የሚወጣውን እጅግ ደካማ ምልክት ወደ ብርሃን ይቀይራል፤ ብርሃን ከሆነ በፋይበር ገመድ ሩቅ ይጓዛል። ክፉ ጠላቱ በአካባቢው የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ካለ ምልክቱ በደህና ተቀይሯል፤ ከተንቀጠቀጠ መንገድ ላይ ጠፍቷል።

መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ካልረጋ መሣሪያው ተነቅሎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ የሀዋኒ የዓመታት ድካምም አብሮት።

አለቃችን በምረቃው ዕለት «ኳንተም ብርድ ይወዳል፤ ብርድ ደግሞ በባሌ ሞልቷል» ብለው ስለነበር ነገሩን እንደ ግል ክብራቸው ቆጠሩት። ወዲያው የማግኔት ጣልቃ ገብነት ቅነሳ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሀዋኒ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሳች።

«መኪናዋ ናት። ሞተሯ ሲነሳ መስመሩ ይዘላል፤ ሲጠፋ ይረጋል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«መኪናዋ ስትዪ… የማን መኪና?»

«የአለቃው።»

«እሱን እንለፈው።»

ታለፈ። ከዚያ ኮሚቴው ጥልቅ ጥናት አካሂዶ ጥፋተኞቹን አንድ በአንድ ያዘ። ቀበቶ ከነዘለበቱ ተከለከለ፤ ሠራተኛው ሱሪውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ መፈረም ጀመረ። የብረቱ በር ወልቆ በእንጨት ተተካ። የጋሪ ፈረሶች በደጃችን እንዳያልፉ ታገዱ፤ ኮቴያቸው ላይ ብረት ባይኖርም ወደፊት ሊኖር ስለሚችል። መስመሩ መንቀጥቀጡን አልተወም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጣቱን ወደ ሳነቴ ቀሰረ፤ የተራራው ድንጋይ ብረት አለበት። ተራራውን ማዛወር ተጨማሪ በጀት ስለሚጠይቅ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላለፈ።

ሀዋኒ ወዚር ዘንድ ሄደች።

«አካም ቡልቴ፣ ወዚር? በናትህ ዛሬን እንኳ ከኋላ አቁማት።»

«ወላሂ ሀዋኒ፣ እሷን ከዚህ አነሳኋት ማለት እሳቸውን አነሳኋቸው ማለት ነው። እንጀራዬ ላይ አትምጪብኝ!»

«እሺ፣ ሞተሩን አጥፋዋ።»

«በዚህ ብርድ? ያውም ሱሪዬን በእጄ ይዤ?»

ገምጋሚዎቹ መጡ። አቶ ኃይለልዑል እንግዳ ለመቀበል ሲሉ፣ ለአርአያነትም ቀበቶአቸውን አውልቀው፣ በአካል ተገኙ። የገምጋሚዎቹ መሪ ገና ወደ ክፍሉ ሳይገቡ ቆም አሉ።

«ይህች መኪና እዚህ ምን ትሠራለች?»

መኪናዋ ወደ ጎባ ተላከች። መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ አለ። ሀዋኒ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «እስከ ማታ እንዲህ ከዋለ መሣሪያው እዚሁ ይቀራል» ብለው እንግዶቹ ምሳ ሄዱ።

ያኔ የአለቃችን ስልክ ጮኸ። ደዋዩ የበላያቸው ናቸው።

«ኃይለልዑል፣ ምነው ዛሬ ከሥራ ቀረህ?»

«ኧረ አለሁ ጌታዬ! ወንበሬ ላይ ነኝ።»

«አሁን በደጅህ አለፍኩ። መኪናህ የለችም።»

«እኔ ግን አለሁ!»

«ትቀልዳለህ? ዓመቱን ሙሉ ሳትቀር ኖረህ እንግዳ ሲመጣ ትጠፋለህ? ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል!»

አቶ ኃይለልዑል እየሮጡ ወጥተው በመኪናዋ ቦታ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ አንድ እጃቸው ሱሪያቸው ላይ፣ ሌላው ሰላምታ ላይ። አንዲት ባለጉዳይ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዘበኛው አንተ ነህ? አለቃው መቼ ይመጣሉ?»

«እኔ ነኝ አለቃው!»

«ተው እንጂ» ብለው መኪናዋ እስክትመጣ ሊጠብቁ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

አለቃችን እዚያው ቆመው ዋሉ። ሲመሽ አንድ ሥጋት ገባቸውና ወደ መስኮቱ ጮኹ።

«ሀዋኒ! እኔ እዚህ በመቆሜ መስመሩ ተረበሸ እንዴ?»

ሀዋኒ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር መረመረች።

«በፍጹም፣ ጋሼ። እርስዎ ኖሩም አልኖሩም ያው ነው።»

«ጎሽ! ሪፖርቱ ላይ ይግባ!»

ገባ። መሣሪያው ሮቤ ቀረ። «ዋና ሥራ አስኪያጁ በቦታቸው መገኘታቸው በሥራው ላይ ሊለካ የሚችል አንዳችም ለውጥ እንደማያመጣ በመሣሪያ ተረጋግጧል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር፣ ሱሪያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው የፈረሙት ራሳቸው አቶ ኃይለልዑል ናቸው።