የኢንጂነር ጉግሳ ጠላት

ጠግኖ አዳሪ የሆነ ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነው ያለው፦ ከእሱ በፊት የጠገነው ሰውዬ። ሰዓት ሠሪ ጋ ሂዱ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ሂዱ፣ ጥርስ ነቃይ ጋ ሂዱ። ገልበጥ አድርጎ ያይና ከንፈሩን መጥጦ "ማነው ይሄን የነካው?" ይላል። እናንተም ሌባ ደብቃችሁ እንደተያዛችሁ ትሽቆጠቆጣላችሁ።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን እኛው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ነው ያለው። ክቡር ኢንጂነር ጉግሳ! ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዲግሪውን አትጠይቁኝ። ወርሻው፣ መጠገኛ ክፍሉ፣ ከቤቲ ሻይ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሬዲዮም ማራገቢያም ይሠራል፤ ልቡ ያለው ግን ድሮ ፈረንጆች ትተዋቸው የሄዱት የመጫወቻ ባቡሮች ላይ ነው። ክንድ የማታክል ባቡር ስትመጣለት እንደ አራስ ልጅ ያቅፋታል፣ በካቻቢቴ ይፈታታል፣ ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ በዐረብኛው ይጀምራል፦ "ዳ ሚኑ? ማነው ይሄ አህያ?"

ይህቺን እኔ ቢልልኝ በድምፁ አስመስዬ ስላት የቤቲ ደንበኞች ሻይ ትን ይላቸዋል።

አንዴ ካሣዬ፣ ርክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው፣ አልዞር ያለ ማራገቢያ ይዞለት መጣ። ጋሽ ጉግሳ ገና ሳይፈታው "ማነው ይሄ አህያ?" አለ።

"ኧረ ማንም አልነካውም ጋሼ! አሁን ከካርቶኑ መውጣቱ ነው።"

"እንግዲያው አህያው ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው!"

ባለፈው ረቡዕ መምህርቷ ኡስታዛ ኒዕማ ከአል-ማንሺያ ሰፈር አንዲት ባቡር ከነሐዲዷ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። አባቷ ሐጅ የእውነተኛ ባቡር ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ሰማንያ አምስት ሞልቷቸዋል። ከጦርነቱ ሽሽት ቤታቸው ሲመለሱ ሌቦች የበር ማጠፊያ ሳይቀር ነቅለው ወስደዋል። ይህቺን ግን ረግጠዋት ነው የሄዱት።

"ነገ ጠዋት ለልብ ሕክምና በአውቶቡስ ወደ ካይሮ ነን" አለች ኒዕማ። "ቀጠሮው ካለፈ ሌላ የለም። እሳቸው ግን 'ባቡሬ ሳትነሳ እኔ አልነሳም' ብለው ሻንጣቸውን ፈተው ቁጭ ብለዋል።"

ጋሽ ጉግሳ ፈታት። ከማርሿ አንድ ጥርስ ወልቋል።

"ዳ ሚኑ? ማነው ይሄ አህያ? ብየዳውን እዪልኝ ኡስታዛ! የግመል በጠጥ ነው የጣለባት! ይሄን ሰው ከባሕሪ ድልድይ ላይ ወርውሮ ለአዞ..."

ክዳኗን ገለበጠና መልሶ ሊከድናት ቸኮለ።

አጎንብሼ አየሁ። ከሆዷ በኩል በሚስማር ተፍቆ "ጉ. 2007" ይላል። በአማርኛ ፊደል ባቡር ሆድ ላይ የሚፈርም ሰው ካርቱም ውስጥ ስንት አለ? እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ "ጉ"ን ግን አላጣትም።

ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ! ሁለት ክረምት ሙሉ ሻይ የሚያስጋብዘኝ ወሬ ነው።

"ምንድነው የሚለው?" ብላ ኒዕማ እኔን ጠየቀችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የጋሽ ጉግሳ ጆሮ በርበሬ መስሏል።

"የፋብሪካው ምልክት ነው ኡስታዛ" አልኳት። ዋላሂ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"ይዋሻል" አለ ጋሽ ጉግሳ ቀስ ብሎ። "አህያው እኔ ነኝ።"

ኒዕማ ሳቋን ለቀቀችው። "አውቃለሁ እኮ ያ ኡስታ፣ ባለሙያው! ሐጅ ናቸው 'ይህን ሁሉ ዓመት ያስኬዳት ሰውዬ ጋ ውሰጃት፣ ሌላ ሰው እንዳይነካት' ብለው የላኩኝ። ስድብህን እስክትጨርስ ነው የጠበቅኩህ።"

ጋሽ ጉግሳ የድሮውን ብየዳ ሞርዶ ጣለ። ከነሐስ ቁራጭ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ጥርስ ቆርጦ ማርሹ ላይ ሰካ፣ በየዳት፣ በሞረድ አለሰለሳት። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አልሰደበም፤ ቤቲ አሞት ይሆን ብላ ሁለቴ ብቅ ብላ አየችው።

መብራት ስላልነበረ የካሣዬን የርክሻ ባትሪ ነቅለን ከሐዲዱ ጋር አገናኘን። ባቡሯ አንዴ ተንገጫግጫ ቆመች። ከዚያ ሄደች! በቤቲ ጠረጴዛ ላይ ትክ ትክ እያለች ስትዞር ኒዕማ አባቷ ጋ ደውላ ስልኩን ከሐዲዱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሐጅ ሁለት ዙር ሙሉ አዳመጡ።

"ያላ፣ እንነሳ" አሉ፣ "ሻንጣዬን አምጡልኝ።"

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ሞላ። ወሬው ደርሷቸዋል። "በል እስቲ ቢልልኝ፣ 'አህያው እኔ ነኝ' ያላትን አሰማን!" ብለው ለመኑኝ። ድምፁን ይዤዋለሁ። ከመናገሩ በፊት ምራቁን እንዴት እንደዋጠም ይዣለሁ። ግን ያቺን ለሳቅ ላወጣት ሰሰትኩ፤ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።