የፊታውራሪ ጾም

አንድን ፍጥረት ከትንሽነቱ ጀምሮ ያሳደገ ሰው፣ ጠባዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ መኩራቱ አይቀርም። ልጅ ያሳደገች እናትም፣ ጥጃ ያሳደገ ገበሬም እንዲሁ ናቸው። እኔ ያሳደግሁት ዘንዶ ነው። አትሳቁ፤ ዘንዶ ያሳደገ ሰው ኩራቱ የባሰ ነው።

ዛሬ የማስተምረው ቡሬ ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ግን ልቤ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ባዮሎጂ አስተምርበት ወደነበረው ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ይሄድብኛል። ገበሬዎች ከብር ሸለቆ በጆንያ ያመጡልኝ ዘንዶ ያኔ ከከዘራ አይበልጥም ነበር። በቤተ ሙከራው ጥግ የሽቦ ቤት ሠራንለት። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ተማሪዎቼ ዘርግተው ይለኩታል፤ መጀመሪያ ሁለት ልጆች ይበቁት ነበር፣ በአምስተኛው ዓመት ስድስት ሆነውም አልቻሉት። ስሙን ፊታውራሪ አልነው። በመዝገቡ ላይም «ወንድ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ቀላቢው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ይርጋ ነበሩ። ያን ዓመት ለሁለት ወር ሥልጠና ባሕር ዳር ስሄድ አደራ ብያቸው ነበር። ስመለስ ፋሲካ ሆኗል፤ ፊታውራሪ ግን ሁዳዴን በሙሉ ዶሮ አልቀመሰም።

«በጾም ደም አላፈስም» አሉኝ። «ከኛ ጋር የሚኖር ከኛ ጋር ይጹም ብዬ ነው፣ መምህር።»

የፍስኩን ዶሮ አቀረብንለት። ዞር ብሎም አላየው። በሳምንቱም እንደዚያው፤ እንደተጠቀለለ ነው። የልፋቴ ሁሉ ፍሬ ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው ብዬ፣ ሽማግሌውን በመምህራኑ ሁሉ ፊት «ገደሉብኝ!» ብዬ ጮህሁባቸው። ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ንስሐ መቀበላቸውን በኋላ ሰማሁ፤ በበዓለ ሃምሳ ስለማይሰገድ ስግደቱ ለጰራቅሊጦስ ማግስት ተቀጥሮላቸዋል።

ከጮህሁባቸው በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ እንዳለ ላይ ብዬ ጥቅልሉን በእንጨት ገለጥ ባደርገው፣ ከመሐሉ ነጭ የእንቁላል ክምር። ፊታውራሪ ሴት ነበረች። ዘንዶ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለች እህል እንደማትቀምስ ደግሞ በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ድንጋይ ተሸክሜ አያ ይርጋ እግር ላይ ወደቅሁ። «ጣለው፣ ጣለው!» ብለው አነሡኝና፣ አራሷን ብርድ እንዳይመታት ጋቢያቸውን አምጥተው መስኮቱን ጋረዱላት። ከዚያ ወዲያ ፊታውራሪ መባሏ ቀርቶ እመት ተባለች።

በየማለዳው ከሽቦው ሥር ቆመው «መምህር፣ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» ይሉኛል። አምስት ዓመት ለብቻዋ የኖረች ናት፤ እንቁላሉ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። እኒያን ደግ ሰው ሁለተኛ ማስከፋት ግን አልቻልሁም። «ሊደርስ ነው፣ አያ» እላለሁ።

አንድ ማለዳ ውሸቱ ከበደኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ።

«ዝም በል፣ ልጄ! እኔ ዶሮ ሳረባ ነው ያረጀሁት። አውራ ያልነካው እንቁላል እንደማይፈለፈል አጣዋለሁ ብለህ ነው? እሷ ትስማው ብዬ ነው የምጠይቅህ።»

ዘንዶ ጆሮ እንደሌላት ያን ቀን አልነገርኋቸውም።