ሽንቴ በሙሉ ድምፅ የጸደቀበት ስብሰባ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በሳሙና ሌብነት ተጠረጠርሁ!

በሰማንያ ስምንት ዓመቴ! ባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ!

የጥበቃው ልጅ ጨዋ ነው፤ አልዋሽም። "አባባ፣ ይቅርታ፣ ኪስዎን አንዴ ልየው?" አለኝ። እየው አልሁት። ከኮቴ ኪስ በፕላስቲክ ማስቀመጫ ያለች ግማሽ ሳሙና አወጣ። ያገለገለች ናት፤ አረፋዋ እንኳ በደንብ አልደረቀም።

"ይህን ከየት አነሡት?"

"ከቤቴ።"

"ሰው ሳሙና በኪሱ ይዞ ይዞራል እንዴ?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"እጄ ቶሎ ይቆሽሻል" አልሁት።

እጄ ቶሎ ይቆሽሻል! ሕፃን ልጅ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይዋሻል።

ልጁ አዘነልኝና ለቀቀኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ራሴን ታዘብሁት። በሳሙና ስጠረጠር ይህ ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው፣ በደርግ ጊዜ፣ እውነቱን ቀበሌ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ለአንድ የዋህ ልጅ መናገር አቃተኝ።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ሻይ እየጠጣችሁ ከሆነ አስቀምጡት።

ያን ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርሁ። ሃምሳ ዓመቴን እንደደፈንሁ ሽንቴ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ መንጠባጠብ ጀመረ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ቆመ። ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ፕሮስቴት ነው ተባለ። ከፊኛ በታች ያለች ዕጢ ናት፤ ወንድ ዕድሜው ሲገፋ ታብጥና መንገዱን ትዘጋለች። ከውጭ የመጣው ሐኪም በሲስተሯ አስተርጓሚነት ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ እንደሚሠራ፣ ተራዬ ሲደርስ እንደምጠራ ነገረኝ።

እስከዛሬ እየጠበቅሁ ነው!

እስከዚያው ብሎ አንድ ቀጭን ቀይ የጎማ ቱቦ ሰጠኝ። ቱቦዋ በቀን አራት ጊዜ በዚያ በኩል ትገባለች። አዎ፣ በዚያ በኩል! ፊኛ ድረስ! ሽንቱ ይወጣል፣ ቱቦዋ ትወጣለች፣ ትቀቀላለች፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ትቀመጣለች። የማስገባውም እኔው ራሴ ነኝ።

ሲስተሯ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ ነገር አለ። "ጋሼ፣ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ እንዳይነኳት። ኢንፌክሽን ከገባ ኩላሊትዎ ድረስ ነው የሚሄደው።"

የመጀመሪያ ቀን ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስሁ። ከወር በኋላ እያፏጨሁ መግባት ጀመርሁ።

ባለቤቴ ብርቄ ለቱቦዋ መቀቀያ አንዲት ድስት መደበች። ማንም እንዳይሳሳት እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰረችባት። አንድ ቀን እኛ በሌለንበት አማቴ ሻይ አፈሉባት። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርናቸውም። ነፍሳቸውን ይማር፤ ሻዩ ግን ጣፋጭ ነበር ብለዋል።

መከራው ሳሙናው ነው። በዚያ ዘመን ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ በራሽን ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ የምትሰጠው ለእኔ እጅ ብቻ እንኳ አትበቃም። ብርቄ ስኳራችንን ለጎረቤት እየሰጠች በሳሙና መለወጥ ጀመረች። ለምንድን ነው ሲሏት ትስቃለች፣ ትሄዳለች።

ለምን አልተናገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። በሰፈራችን ወንድ ሽንቱ ታመመ ከተባለ በሽታው አንድ ነው፤ ጨብጥ። በታቦት ብትምልም የሚሰማህ የለም!

ስለዚህ ሰው የራሱን መልስ ፈለገ። "ሳሙና የሚሰበስበው ባሕሩን አሻግሮ ዘጌ ሊሸጥ ነው" ተባለ።

ዘጌ የብርቄ አገር ነው። አልፎ አልፎ እሑድ በጀልባ እንሄዳለን። ጀልባ ላይ ሆኜ ሽንት ቢይዘኝ ጉዴ ስለሆነ፣ ከመሳፈሬ በፊት ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል ጀርባ እገባለሁ። በአንድ እጄ ቆርቆሮዬ፣ በሌላው ሳሙናዬ፣ ትከሻዬ ላይ የተፈላ ውኃ የያዘች ኮዳ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ለካ ሲከታተለኝ ኖሯል።

አንድ እሑድ ደንገሉ ጋ ልደርስ ስል ያዘኝ። ልብ በሉ፤ ሳልገባ ነው የያዘኝ! ፊኛዬ እንደ ሞላ፣ ቆርቆሮዬ እንደ ተነጠቀ፣ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ስብሰባ ተነዳሁ። ብርቄ ከኋላ ትሮጣለች።

ሊቀመንበራችን ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነበር። ከሁሉም የሚያስፈራን ግን ዕረፍቱ ነው። ስብሰባው መሀል ላይ ድንገት "የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት!" ይልና ብቻውን ይወጣል። ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ለበላይ አካል ስልክ ሊደውል ነው፣ ዛሬ ማንን ሊያስወስድ ይሆን እያልን እርስ በርስ እንኳ አንተያይም። አንድ ጎረቤቴ በአንዱ ዕረፍት ላይ ራሱን ስቶ ወድቋል።

ዕረፍት ይባላል እንጂ ያረፈ ሰው አላየሁም።

ቆርቆሮዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ማስረጃ ናት። የአብዮት ጥበቃው ቆሞ መሰከረ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለፈው ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ጨፍግጎ ነበር። ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነው። ዕቃ ያስረከበ ሰው ፊት ነው!"

ከተናገረው አንድም ውሸት የለበትም! ፈገግታውም ሳይቀር እውነት ነው!

"ግለ ሂስህን አድርግ" አለኝ ሊቀመንበሩ።

ልጆች፣ ግለ ሂስ ማለት ጥፋትህን በራስህ አፍ ለሕዝብ መናገር ነው። ፌስቡክ በሉት፤ ላይክ ግን የለውም።

ዝም ብል አሻጥረኛ ተብዬ መታሰሬ ነው። ከታሰርሁ ቱቦዬን ማን ይሰጠኛል? ሽንት አንድ ቀን ታግቶ ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ። ብናገር ደግሞ በሽታዬ ለዘለዓለም የሰፈር ወሬ ሊሆን ነው። ሆዴ እየተወጠረ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ የምሞትበትን ምክንያት ስመርጥ ሊቀመንበሩ ተነሣ።

"የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት!"

ወጣ። በቃ፣ ሊያስወስደኝ ነው አልሁ።

ተመልሶ ሲቀመጥ ብርቄ ከሴቶቹ መሀል ጮኸች። "ተናገር እንጂ አንተ ሰው! ጨብጥ አይደል!"

ከዚያ በፊት ጨብጥን ያላሰበ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከነበረ፣ አሁን አሰበ።

ተናገርሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ዕጢዋን፣ ቱቦዋን፣ ድስቷን፣ ሳሙናውን፣ ደንገሉን። አንድ ሳላስቀር!

ወንዶቹ ሁሉ ቀስ ብለው እግራቸውን ሲያጣምሩ አየሁ። አንዲት አሮጊት "እግዚኦ! በዚያ በኩል?" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ብርቄም ሳቀች። የገዛ ሚስቴ!

ያልሳቀው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ቆርቆሮዬን ከፍቶ ቱቦዋን አተኩሮ አያት።

"ያማል?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"መጀመሪያ ያስፈራል እንጂ ብዙም አያምም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እፎይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ቆርቆሮዬን መልሶ ከደነ። ለዚህ ጓድ በየወሩ አንድ ተጨማሪ ሳሙና ይሰጠው የምትሉ እጃችሁን አውጡ አለ። ሁሉም አወጣ። የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። ተጨበጨበ! ጭብጨባው ሳያልቅ ቆርቆሮዬን አንሥቼ ወደ ውጭ ሮጥሁ።

ሽንቴ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ውርደት አትጠይቁኝ። ሱቁ ጋ ስሰለፍ "ለጋሼ መንገድ ስጡት፣ ቸኩሎ ይሆናል" ይላሉ። ሰላምታው ሳይቀር ተለወጠ፤ "እንዴት አደርህ" ቀርቶ "እንዴት ነው፣ ይወርዳል?" ሆነ። ተዋርጃለሁ፤ ግን እጄን እየታጠብሁ በሕይወት አለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነው። ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ። ብርቄ ደንግጣ ድስቷን ደበቀች።

ተቀመጠ።

"ያች ቱቦ... ለአንድ ዘመዴ ፈልጌ ነው" አለ።

"ዘመድዎ ዕድሜው ስንት ነው?"

"እኩያዬ ነው።"

ብርቄ ገባትና ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች።

"ስብሰባ ላይ ይቸገራል?" አልሁት።

መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። "ቶሎ ቶሎ ይነሣል። ወጥቶ ከአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ ሥር ይቆማል። ያምጣል፣ ምንም የለም። ይመለሳል።"

ያ ሁሉ ዕረፍት! ስልክ የለ፣ የበላይ አካል የለ! እኛ ወንበር ላይ ነፍሳችን ስትወጣ፣ እሱ ግድግዳ ሥር ቆሞ አንዲት ጠብታ ይለምን ነበር!

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ራሱን ስቶ የወደቀው ጎረቤቴ ትዝ አለኝና ተናደድሁ። በዚያ አዳራሽ እንደ ዋዛ የተወሰዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ያን ሽንት አላመጣውም። ግን ፊቴ የተቀመጠው ሰው ላብ አጥምቆታል። ያን ላብ አውቀዋለሁ። ተነሥቼ ሲስተሯ ዘንድ ወሰድሁት።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። መጀመሪያ "በአብዮቱ ስም" አለ። ትንሽ አሰበና "በማርያም በል" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን ዕረፍት የለው፤ ቶሎም ያልቃል። ሕዝቡ ምን እንደነካው አላወቀም።

ዓመት ሳይሞላ ከላይ ሰዎች መጡና ሊቀመንበሩን ራሱን አሰሩት። በምን እንደሆነ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በማግስቱ ሚስቱ እያለቀሰች መጣች። ቱቦው ቤት ቀርቷል፣ እሷ እንዳታቀብለው ደግሞ መግባት ከልክለዋታል።

እኔ የፈራሁት ነገር እሱ ላይ ደረሰ። እንደ ድሮው ብሆን ደስ ይለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። አላለኝም።

አዲስ ቱቦ ቀቀልሁ። ሕዝብ የፈቀደልኝን ሳሙና ጨመርሁ፣ ከምሳው ጋር ይዤ ሄድሁ። እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ያመጣው ሰው ተሰልፏል፤ ግማሹ የሰፈሬ ሰው ነው።

ፈታሹ ቱቦዋን አንሥቶ በፀሐይ አያት። "ምንድን ነው ይህ?"

ጠጋ ብዬ በጆሮው ልነግረው ስል "ጮክ በል!" አለኝ።

በማርያም ምያለሁ። ግን ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ አልሸናም! እመብርሃን ትፍረድብኝ ብዬ ጮክ አልሁ። "የሽንት ቱቦ ነው! ያለ እሱ ሊቀመንበራችን አይሸናም! ያለ ሳሙና ደግሞ አይነካም!"

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ያ በዕረፍት ራሱን ስቶ የወደቀው ጎረቤቴ ለአጎቱ ምሳ ይዞ ቆሟል። ቱቦዋን አየ፣ እኔን አየ።

"ዕረፍቱ ለዚህ ነበር እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ለዚህ ነበር።"

ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ። ምሳውን መሬት አስቀምጦ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዕንባውን በነጠላው ጠረገ። ከዚያ ፈታሹን "ኧረ በሞቴ፣ ቶሎ አድርስለት!" ብሎ የተቆጣው እሱ ነው።

ፈታሹ ይዞ ገባ። ጠበቅን። ማንም ከሰልፉ አልሄደም።

ባዶ ሳሕኑን ይዞ ሲመለስ ዐይኑ ጥርጣሬ ሞልቶበታል።

"እስረኛው 'የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ወስጃለሁ በልልኝ' ብሎሃል። ምንድን ነው? ኮድ ነው?"

"ኮድ አይደለም፣ ጌታዬ" አልሁት። "እፎይ ማለቱ ነው።"

እንግዲህ ያን በር ላይ የጮህሁ ሰውዬ ነኝ ዛሬ "እጄ ቶሎ ይቆሽሻል" ያልሁት! ያን ጊዜ አስገድደው አናገሩኝ። ዛሬ የሚያስገድደኝ ጠፋና የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰውዬ አፍሬ ወጣሁ። የሱፐርማርኬቱ ልጅ፣ ይህ ከደረሰህ፣ ሳሙናዋ የእኔ ናት፤ ምክንያቷም ይኸው።

ደግሞ ከመካከላችሁ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ግድግዳ ሥር የሚቆም "ዘመድ" ያለው ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዘመድህ ዕድሜው ስንት ነው ብዬ እንደማልጠይቅ በማርያም እምላለሁ፤ ያው መሐላዬን ታውቁታላችሁ አይደል?