ወሬ በእግር መላክ ክልክል ነው

[የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የሞሉት ማሽኖች አረንጓዴና ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። መሃል ላይ አንዲት ማራገቢያ ቆማለች፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተቷታል። አንደኛው የአዲሱ ኔትዎርክ ኃላፊ ነው፤ ሌላው ኬብል የሚዘረጋለት ረዳቱ። ሠራተኛው ኃላፊውን ሊቁ፣ ረዳቱን አዝግም ይላቸዋል። ሊቁ ቅጽል ስሙን በደስታ ተቀብሎታል፤ አዝግም የወጣለት ለምን እንደሆነ ገና እያሰበበት ነው።]

ሊቁ፦ ልቀቃት አልኩህ!

አዝግም፦ አለቃ፣ ላብ አሰመጠኝ እኮ። ለአፍታ ብቻ ወደኔ ትዙር።

ሊቁ፦ አንተን ቢሞቅህ የሚበላሸው ሸሚዝህ ነው። ማሽኑ ከጋለ ሆስፒታሉ በሙሉ ዲዳ ይሆናል!

አዝግም፦ ማሽኑ ሞቀኝ ብሏል?

ሊቁ፦ ማሽን አይናገርም፣ አንተ ሰው!

አዝግም፦ እኔ ተናግሬ አልተሰማሁም፤ እሱ ዝም ብሎ ነፋስ ይቀበላል። ዘንድሮ ዝም ማለት ነው የሚያዋጣው።

ሊቁ፦ እንግዲያው ዝም በልልኛ! ስልኬ የጮኸች መሰለኝ።

[ማራገቢያዋን ለቆ ወደ ጠረጴዛው ተወረወረ። ስልኩን አነሳ፣ አየ፣ እንደገና አየ፣ ጀርባውን ሳይቀር አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠ። ምንም የለም። ሚስቱ ከንጋት ጀምሮ ላይኛው ፎቅ፣ ማዋለጃ ክፍል ናት። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ልጅ ነው። «ስትወልጂ እጅሽን ይዤ ነው የምቆመው» ብሏት ነበር። ዛሬ ግን አዲሱ መሥመር ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሆነና፣ ይኸው እጁ የያዘው ስልክ ነው።]

አዝግም፦ አለቃ፣ ለምን ብቅ ብለህ አታያትም? ደረጃው እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው።

ሊቁ፦ በእግሬ?

አዝግም፦ በምን ልትሄድ ኖሯል?

ሊቁ፦ እስቲ በሩ ላይ የለጠፍኩትን አንብብልኝ።

አዝግም፦ [አንገቱን አዙሮ፣ ፊደል በፊደል] «ከዛሬ ጀምሮ ወሬ በእግር መላክ ክልክል ነው።»

ሊቁ፦ ማነው የጻፈው? እኔ! የድሮውን ስልክ ማዞሪያ ያስነቀለው ማነው? እኔ! በየኮሪደሩ የሚያንባርቀውን ድምፅ ማጉያ ያስወረደው? እኔ! ታዲያ እኔው ራሴ እንደ ጥንት ተላላኪ እያለከለክሁ ወጥቼ «ወለደች ወይ?» ልበል? ዳይሬክተሩ ቢያየኝስ?

አዝግም፦ ልጅ ሊወልድ ነው ይላላ።

ሊቁ፦ አልገባህም። አዋላጇ ስክሪኗን አንዴ ነካ ታደርጋለች። መልእክቱ በኬብሉ ሽው ይልና ባልየው ስልክ ላይ ዱብ! በአዲሱ መሥመር የሚበሰርለት የመጀመሪያው አባት እኔ ነኝ። ታሪክ ነው!

አዝግም፦ እኔ ደግሞ ደም ስለምትፈራ መስሎኝ።

ሊቁ፦ ማነው ደም የሚፈራው?

አዝግም፦ ላብራቶሪ ኬብል ስንዘረጋ ያቺን ብልቃጥ አይተህ፣ ተሸክሜህ አይደል የወጣሁት?

ሊቁ፦ ቁርስ አልበላሁም ነበር!

[ሰው ፍርሃቱን ራቁቱን ይዞት አይዞርም፤ ሥራ የሚባል ኮት ደርቦለት፣ ከረባት አስሮለት ነው የሚያወጣው። የሊቁ ፍርሃት ዛሬ በጣም ዘንጧል። በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ፤ ጢው!]

ሊቁ፦ መጣ! ... የታለ? የኔ አይደለም እንዴ?

አዝግም፦ የኔ ናት። [ስልኩን ከዓይኑ አርቆ] «ባለቤትዎ ምጡ ጠንክሮባቸዋል። እባክዎ በአፋጣኝ ይቅረቡ።»

ሊቁ፦ ኤጭ! የሙከራ መልእክት ነው። አጥፋው።

አዝግም፦ ሙከራው ትናንት አልቋል ብለኸኝ ነበር።

ሊቁ፦ አልቋል። ግን መሥመር ማለት እንደ ውሃ ቧንቧ ነው። ብትዘጋውም ውስጡ የቀረው መንጠባጠቡ አይቀርም። ያ ነው የሚንጠባጠብብህ። ገባህ?

አዝግም፦ እኔስ ገባኝ፤ ሚስቴ ናት ያልገባት። ባለፈው «ባለቤትዎ መንታ ተገላግለዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት» የሚለውን አንብባ፣ ፍራሼን ጎትታ በረንዳ ላይ አወጣችው።

ሊቁ፦ ሙከራ ነው አትላትም ነበር?

አዝግም፦ አልኳት። «የምትሞክራት ሌላ ሚስት አለችህ ማለት ነው?» ብላ ትራሱንም ጨመረችልኝ።

ሊቁ፦ ሳይንስ መስዋዕትነት ይጠይቃል።

አዝግም፦ ይጠይቅ፤ ግን በረንዳው ይበርዳል።

[ጢው! ሁለቱም ወደየስልካቸው ዘለሉ። አሁንም የአዝግም ነው።]

አዝግም፦ «ባለቤትዎ ‹ያ ሰውዬ የት ነው የገባው?› ይላሉ። ይመጣሉ? አዎ ወይም አይ ብለው ይመልሱ።»

ሊቁ፦ [እየሳቀ] አየህ አሠራሬን? አዋላጆቹ ከልባቸው የመጣውን ሁሉ መጻፍ ይችላሉ። ሲለማመዱ የጻፉት ነው። ቆይ ግን፣ እንዲህ ያለ ባል የእውነት ቢኖር ምን ታደርገዋለህ?

አዝግም፦ እንዴት ያለ?

ሊቁ፦ ሚስቱ በምጥ ተይዛ እየተጣራች፣ እሱ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ የሚወሸቅ!

አዝግም፦ [ክፍሉን ዙሪያውን አየ፤ ማራገቢያዋን አየ፤ ሊቁን አየ] ... ሥራ ይዞት ይሆናላ።

ሊቁ፦ ምን ሥራ! ወሽካታ ነው!

አዝግም፦ ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ?

ሊቁ፦ አይ በልና ይዘጋ፤ አለዚያ ሲነዘንዝህ ይውላል።

አዝግም፦ [በአንድ ጣቱ እየለቀመ] አ... ይ። ሄደ።

[ወዲያው፦ ጢው!]

አዝግም፦ «መልስዎ ለባለቤትዎ ተነብቦላቸዋል። ያሉትን መጻፍ ነውር ነው።»

[ሊቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ እንዳለቀ ግን ዓይኑ ወደ ራሱ ስልክ ሄደ። ስልኩ እንደ ድንጋይ ተጋድሟል። አነሳው፣ ነፋ አደረገው፣ በሸሚዙ ወለወለው።]

ሊቁ፦ ዝምታው ጥሩ ምልክት ነው። ችግር ቢኖር ሲስተሙ ይነግረኝ ነበር። አይመስልህም?

አዝግም፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለቃ።

ሊቁ፦ አይ፣ እንዲያው... አይመስልህም?

አዝግም፦ ልውጣና ልይልህ? ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ማንም ተላላኪ ነው አይለኝም።

ሊቁ፦ [ሊፈቅድ አፉን ከፈተ፤ በሩ ላይ የለጠፈውን አየና ዘጋው] ተቀመጥ። ሁሉም በመሥመሩ ይመጣል።

[ጢው!]

አዝግም፦ «እንኳን ደስ ያለዎት! ባለቤትዎ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግለዋል። የሕፃኗን ስም ይላኩ።»

ሊቁ፦ በል እልል በል፤ የሌለችው ሚስትህ ደግማ ወለደችልህ!

አዝግም፦ ፍራሹ ትናንት ነበር ወደ ቤት የገባው፤ አሁን ተመልሶ መውጣቱ ነው። ለመሆኑ ምን ብዬ ስም ላውጣላት?

ሊቁ፦ የፈለግከውን!

አዝግም፦ ስም ማውጣት እንዲህ የዋዛ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ አጎቴ ከአክስቴ ተኳርፎ...

ሊቁ፦ ለሌለች ልጅ ነው ዘመድ የምትሰበስበው? ዓይንህ ያረፈበትን ጻፍና ገላግለኝ!

አዝግም፦ ዓይኔ ያረፈው ማራገቢያዋ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ማራገቢያ በላታ!

አዝግም፦ ትምህርት ቤት ስትገባ ይስቁባታል እኮ።

ሊቁ፦ ላከው!

አዝግም፦ ሄደ። [ጢው!] «ማራገቢያ ተብላ ተመዝግባለች። ስሟን መለወጥ የሚቻለው በአባት ፈቃድ ብቻ ነው።»

ሊቁ፦ [ደረቱን ነፍቶ] ይቺንም ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰው ደስታ ላይ ሆኖ ያወጣውን ስም በማግስቱ እንዳይለዋውጥ።

[ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ። የሊቁ አማት ናቸው፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።]

አማት፦ የልጅ ልጄን ማራገቢያ ያልካት አንተ ነህ?

ሊቁ፦ እማማ! በእግርዎ መጡ እንዴ? በሩ ላይ እኮ...

አማት፦ በምን ልምጣልህ፣ በሽቦህ ላይ ተንጠልጥዬ? ልጄ ስትጣራህ ውላ «አይ» ትላታለህ? አይ?!

ሊቁ፦ እኔ? ምንም አልደረሰኝም! ስልኬ ይኸው፣ ቀኑን ሙሉ ዝም...

[ቀስ ብሎ ወደ አዝግም ዞረ። አዝግምም ከዕድሜው ሁሉ አንዴ ፈጥኖ አሰበ።]

አዝግም፦ አለቃ፣ ያቺ የሙከራዋ ሚስቴ... ስሟ ማን ነበር?

[ሊቁ መልሱን ያውቃል። ሲስተሙን ሲሞክር በታካሚዋ ቦታ የሚስቱን ስም አስገብቶ ነበር፤ ስለሚወዳት ቀድሞ የመጣለት እሱ ነው። በባል ቦታ ደግሞ የአዝግምን ቅጽል ስምና ስልክ ሞላ፤ የራሱ ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እንዳይውል። ዛሬ ማለዳ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ባለቤትዎ ቀድመው ተመዝግበዋል ይለኛል» ብትለው፣ «ሲስተሙ አይሳሳትም፤ እንዳለ ይለፍ» ያላትም ራሱ ነው።]

ሊቁ፦ እማማ... ደህና ናት?

አማት፦ ደህና ናት። አንተን የምትቀጠቅጥበትን ጉልበት እየሰበሰበች ነው። ተነስ!

[ተያይዘው ወጡ። ሊቁ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ አዝግም እንደ ስሙ። የማዋለጃው በር አዲስ መቆለፊያ ተገጥሞለታል፤ የገጠመውም ሊቁ ነው። ትንሿ ስክሪን ላይ ጽሑፍ በራ።]

ሊቁ፦ [እያነበበ] «ለአባት የተላከውን የማለፊያ ቁጥር ያስገቡ።»

[ከአዝግም ኪስ፦ ጢው!]

ሊቁ፦ ደረሰ! አንብበው! ቶሎ በል!

አዝግም፦ አጠፋሁት።

ሊቁ፦ ምን?!

አዝግም፦ አስለመድከኛ። ጢው ሲል እጄ ራሱ ያጠፋዋል።

አማት፦ ዘወር በሉ እስቲ! [በሩን በቡጢ ቀጠቀጡት። ወዲያው ተከፈተ።]

አዋላጇ፦ እማማ፣ እርስዎ ይግቡ። ከወንድ የሚገባው አባት ብቻ ነው። [እጇ ላይ ያለውን ስክሪን አየት አድርጋ] አዝግም የሚባሉት ማናቸው?

ሊቁ፦ እህቴ! እኔን አታውቂኝም? ያሠለጠንኩሽ እኔ አይደለሁም?

አዋላጇ፦ እንዴት አላውቅዎትም። «ፊት አትዩ፣ ስክሪን እዩ፤ ፊት ያሳስታል» ያሉን እርስዎ አይደሉ?

አዝግም፦ [ኮፍያውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በምራቁ አስተኝቶ] አለቃ፣ ልግባ?

ሊቁ፦ ግባና ስሟን አስቀይርልኝ! ፈቃድ ስጥ!

አዝግም፦ አስብበታለሁ። ስም ማውጣት የዋዛ ነገር አይደለም። ወሬውን ደግሞ በእግሬ አላመጣልህም፤ ክልክል ነው። በመሥመር እልክልሃለሁ።

[በሩ ተዘጋ። ሊቁ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ያለ ኬብል፣ ያለ ቁጥር፣ ወፍራሙን እንጨት አልፎ ቀጥታ ደረቱ ውስጥ ገባ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ያኔ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ድንጋይ ተጋድሞ የዋለው የራሱ ስልክ ጮኸ፤ ጢው!]

ሊቁ፦ [አንስቶ እያነበበ] «አለቃ፣ አትፍራ፤ ደሙ ተጠርጓል። ልጅቷ ታምራለች። ቁርጥ አባቷን!»

[እንባውን ጠርጎ ሳቀ። እንደገና አነበበው። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ በሩን በሁለት እጁ መደብደብ ጀመረ።]

ሊቁ፦ አዝግም! አንተ አዝግም! የትኛውን አባቷን?!