በሬው የጠጣው ባሕር

ዓሣ ማርባት ትዕግሥት ያስተምራል የሚል ሰው፣ ዓሣውን ያረባው አማቱ በሌሉበት ግቢ ነው።

እኔ እዚሁ ሶዶ ላይ የባሕር ዓሣ ላኖር ተነሣሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። የባሕር በሩን ነገር ትልልቆቹ ይምከሩበት፤ እኔ የፈለግሁት አንድ ሳፋ ባሕር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ቤት ሊቀይር ሲል ሁለት ብርቱካናማ ዓሦቹን ሰጠኝ። የመስተዋት ገንዳውን፣ የጨው መለኪያውንና የባሕር ጨው የሚባለውን ከረጢት አስቀድሞ ላከ። ዓሦቹ ቅዳሜ ከሰዓት በላስቲክ ታሽገው በሚኒባስ ይደርሳሉ።

"የወጥ ጨው እንዳትነካ፣ ትፈጃቸዋለህ" አለኝ በስልክ። "ውኃውን ዛሬውኑ በጥብጠህ አሳድረው።"

አርብ ዕለት ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውኃ በትልቁ ሳፋ ቀድቼ፣ ጨዉን በጥብጬ፣ በመለኪያው ለክቼ በረንዳ ላይ አሳደርኩት። ለአማቴ አልነገርኳቸውም። በረንዳው ላይ ባሕር አለ ብዬ በምን አፌ?

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከቦምቤ መጥተው የመስቀሉን በሬ ግቢያችን ውስጥ ያደልባሉ። በሬ ደግሞ፣ ታውቁ የለ፣ ያለ ጨው አይደልብም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብወጣ ሳፋው በሬው አፍ ሥር ነው!

"አባ፣ ምን አጠጡት?"

"አንተ ያዘጋጀኸውን ነዋ። ጨው ማድረግህ ደግ ነው፤ ፉሩሽካ ረስተህ ነበር፣ እኔ ጨመርኩበት።"

"አባ፣ እሱ እኮ ባሕር ነው።"

ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ባሕርም ቢሆን ወዶታል።"

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ፤ በፉሩሽካ የተጠጣውማ… ይባስ ብሎ በሬው ጠማው። ያን ሁሉ ጨው ጠጥቶ ንጹሕ ውኃ ካላገኘ ይታመማል፤ ስለዚህ በርሜል ውስጥ የቀረችኝን የዝናብ ውኃ በገዛ እጄ አቀረብኩለት። እስከ መጨረሻዋ ጨለጣት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ የሚኒባሱ ረዳት ነው።

"አረካን አልፈናል። ዓሦችህን መናኸሪያ ጠብቀህ ተቀበል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ለሰው ዓሣ ሞት ሰበብ መሆን ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ጀሪካን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት የዝናብ ውኃ ለመነች፤ እኔ ከረጢቱን አራግፌ ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ሦስቴ ለካሁ። ዓሦቹን ከመናኸሪያ አመጣሁ፤ ከነላስቲካቸው ገንዳው ውስጥ በሞላሁት ውኃ ላይ አንሳፍፌ አለማመድኳቸው፣ ከዚያ ለቀቅኳቸው። አንደኛው ጥግ ሄዶ አልንቀሳቀስ ሲል እኔም ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው አመሸሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለቱም ይዋኛሉ። አማቴ ወንበር ስበው ገንዳው ፊት ተቀመጡ።

"ሁልጊዜ ጨው ውስጥ ናቸው?"

"አዎ አባ፣ ዕድሜ ልካቸውን።"

የዓሦቹን ጎንና ጎን በዓይናቸው መዘኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዕድሜ ልኩን ጨው ጠጥቶ ይችን አክሎ የቀረ ከብት አይደልብም። ልጄ፣ ሽጠው።"