አያ ማንያዘዋልና አፉ የተለወጠው ጀግና

ዝናብ በወቅቱ ቢዘንብ እንኳ «ማን አዘዘው?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ጎንደር ፒያሳ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ልብስ ሰፊው አያ ማንያዘዋል ናቸው። ባጃጅ ቶሎ ከቆመላቸው «ይሄ ነገር ጤና የለውም» ይላሉ። ካልቆመላቸውም ያው ነው።

እኒህ ሰው ሳይጠረጥሩ ያመኑት አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ «የደመና ዘብ»። ከደባርቅ ገደል ተነሥቶ የሚበር፣ ግፈኛ የሚያንጠለጥል የኮሚክ ጀግና ነው። መጽሔቱ በየወሩ ሲወጣ አያ ማንያዘዋል በዚያ ሽበታቸው ከተማሪዎች ጋር ተሰልፈው ይገዛሉ። የሚወዱት ጡንቻውን አይደለም፣ አፉን ነው። ጀግናው ኮላ ድባ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጭበረብረውን ነጋዴ አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ «አያ፣ ሚዛንህን አላመንሁትም፤ እስቲ አንተን ልመዝን» ያለው ጊዜ ሲስቁ መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ጀግናው ነገረኝነቱን ትቶ እንደ ቀበሌ ሰብሳቢ መናገር ጀመረ። ሳንጃ ከተማ ላይ የሰሊጥ ሌቦችን ከብቦ፣ «ውድ ወንድሞቼ፣ ሌብነት የልማታችን እንቅፋት ነው» አለ። ሌቦቹም አምነውበት ሰሊጡን መለሱ። አያ ማንያዘዋል መነጽራቸውን አወለቁ። የሰሊጥ ሌባ በምክር ሲመለስ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

ምርመራው ተከፈተ። አሮጌውንና አዲሱን እትም እንደ ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያስተያዩ ሰነበቱ። ሽፋኑ ላይ ያለው የሠዓሊዋ የፀደንያ ስም ብቻ ነው።

«ሥዕሉ ሸጋ ነው፤ ያው እጅ ነው» አሏቸው ለሚስታቸው ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል። «አፉ ግን የሌላ ሰው ነው። ይቺ ልጅ ጀግናችንን ሸጣዋለች።»

«ምነው፣ ደክሟት ቢሆንስ?»

«አንቺንም ገዝተውሻል ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጽሔቶቹን በብብታቸው ይዘው ፀደንያ ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተችው ጥቁር ለብሳ ነው። ሁሉን የሚጠረጥሩት ሰው ጥቁሩን ግን የሠዓሊ ፋሽን ነው ብለው አለፉት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቃሉን ይጽፍ የነበረውን ሰው የት አደረስሽው?»

ፀደንያ በብብታቸው ያሉትን መጽሔቶች አየች።

«አስናቀውን ነው? ወንድሜ ነበር። ስሙ እንዲጻፍ አይወድም ነበር። ባለፈው ክረምት አረፈ። አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እንደሱ አልሆነልኝም፣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ተይው ይለኛል። እሱን ቀበርሁ፤ እሱ የፈጠረውን ደግሞ ልቅበረው፣ አያ?»

አያ ማንያዘዋል ባርኔጣቸውን አወለቁ። በአገሩ ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛን ቀና ብሎ ማየት ያሳፍረዋል፤ እሳቸው ጭራሽ ሊጣሉ መጥተዋል። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ደጅ ካለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡና፣ በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት ሰው አለቀሱ።

በማግስቱ እንጀራና ወጥ አስይዘው፣ ወይዘሮ ወለተሩፋኤልን አስከትለው፣ እንደ ደንቡ ለቅሶ ደረሱ።

«የምናውቀው ሰው ነበር?» አሉ ሚስታቸው መንገድ ላይ።

«በየወሩ ያስቀኝ ነበር።»

ኮሚኩ አሁንም አልተሻለውም። በአዲሱ እትም ጀግናው ስለ እጅ መታጠብ ሁለት ገጽ ሙሉ ይመክራል። አያ ማንያዘዋል ግን ሁለት ሁለት ይገዛሉ። በቀደም ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ መጽሔቱን አገላብጦ፣ «ይሄማ ድሮ ቀረ» ቢል ከመነጽራቸው በላይ በጥርጣሬ አዩት።

«ለቅሶ ደርሰሃል?» አሉት።